የወረንጦ ዕውቀት፦ የዓይን ማዝ ታሪክና የእናቶቻችን ድርሻ

በገጠሩ የአገራችን ክፍል ብዙ እናቶች በአንገታቸው ክር ላይ፣ ከመስቀላቸውና ከጆሮ ኩክ ማውጫቸው አጠገብ፣ ወረንጦ ያንጠለጥላሉ። በአንገቷ ያላንጠለጠለችው ደግሞ በመቀነቷ ጫፍ ትቋጥረዋለች። ወረንጦ እሾህ መንቀያ ነው። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ ሴቶች ግን የሚይዙት ለእግር እሾህ ብቻ ሳይሆን ዓይናቸውን ለሚወጋው ፀጉርም ነው። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ሲል ደጅ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ለልጇ ወይም ለጎረቤቷ ሰጥታ፣ ወደ ውስጥ የዞረውን ሽፋሽፍት አንድ በአንድ የምታስነቅል እናት በብዙ ቀዬ የተለመደች ናት።

ውድ የማኅበራችን አባላትና ደጋፊዎቻችን፣ በዚህ ዕትም የምንጽፈው የዓይን ማዝ፣ በሕክምናው ስሙ ትራኮማ ስለሚባለው በሽታ ታሪክ ነው። የምናነሳውም ጥያቄ ቀላል ነው፤ ስለዚህ በሽታ ማን ምን ያውቅ ነበር? የጎደለውስ ዕውቀት የትኛው ነበር? ጥያቄውን የምናነሳው ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም። ለጤና ትምህርት የምናውለው ጊዜና ደጋፊዎቻችን የሚሰጡን ገንዘብ ፍሬ የሚያፈራው፣ እናቶች የሚያውቁትን ከማያውቁት ለይተን ስንነሳ ነው ብለን እናምናለን።

ሠላሳ ዓመት የሚፈጅ መንገድ

የዓይን ማዝ የሚመጣው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ በተባለ ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው ከታመመ ሕፃን ዓይንና አፍንጫ ከሚወጣው ፈሳሽ ጋር ይኖራል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረውም በእጅ፣ በጨርቅ፣ አብሮ በመተኛትና ዓይን ላይ በሚያርፉ ዝንቦች ነው። የተያዘው ሕፃን ዓይኑ ይቀላል፣ ያሳክከዋል፣ የዓይን ፈሳሽ ያበዛል። ከዚያም ይሻለዋል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ከወንድሙ ወይም ከጎረቤት ልጅ እንደገና ይይዘዋል።

አንድ ጊዜ ብቻ የተያዘ ሰው አይታወርም። ጉዳቱ የሚመጣው ከመደጋገሙ ነው። በየጊዜው የቆሰለው የላይኛው የዓይን ቆብ ውስጡ ጠባሳ ይይዛል፤ ጠባሳው ዓመታት በገፉ ቁጥር እየተኮማተረ የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይጎትታል። ያኔ ሽፋሽፍቱ ወደ ዓይን ይዞራል። ሰው በቀን ውስጥ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ዓይኑን ያርገበግባል፤ ሽፋሽፍቱ የዞረበት ሰው ባርገበገበ ቁጥር ፀጉሩ የዓይንን ጥርት ያለ የፊት ሽፋን ይፍቃል። ይህ ሽፋን በመጨረሻ ነጭ ይሆናል፤ የጠፋው ብርሃንም አይመለስም። በተላላፊ በሽታ ምክንያት ከሚመጣ ዓይነ ስውርነት በዓለም ላይ ቀዳሚው መንስኤ ይኸው የዓይን ማዝ ነው።

የዚህን መንገድ ርዝመት ልብ ማለት ያስፈልጋል። በሽታው በሦስት ዓመቷ የጀመራት ልጅ ፀጉሩ የሚወጋት ሠላሳና አርባ ዓመት ሲሆናት ሊሆን ይችላል። ሴቶች ደግሞ ሕፃናትን ሲያዝሉ፣ ሲያጠቡና ሲያስተኙ ስለሚውሉ ካደጉ በኋላም ደጋግሞ ይይዛቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓይን ማዝ የመታወር ዕድላቸው ከወንዶች እስከ አራት እጥፍ ይደርሳል።

እናቶቻችን የሚያውቁት

የጤና ትምህርት ሲሰጥ ብዙ ጊዜ የሚሰማው «ኅብረተሰቡ ግንዛቤ የለውም» የሚል ቃል ነው። የወረንጦዋ እናት ግን የምታውቀው ብዙ ነው። የሚያሠቃያት ፀጉሩ መሆኑን ታውቃለች። ሲነቀል እፎይ እንደምትል፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ተመልሶ እንደሚበቅል ታውቃለች። ፀጉሩ ከሥሩ ሳይነቀል ከመካከሉ ከተቆረጠ ጉቶው ከበፊቱ የባሰ እንደሚወጋ ታውቃለች። ለራሷ መንቀል ስለማትችል ዓይኑ ጥሩ የሆነ፣ እጁም የማይንቀጠቀጥ ሰው ትመርጣለች። ይህ ሁሉ በሥቃይ የተገኘ፣ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ ትክክለኛ ዕውቀት ነው።

መነሻውን ስትጠየቅ ግን መልሷ ሌላ ነው። ጭስ ነው ትላለች፤ ወይም ፀሐይ፣ አቧራ፣ ምች፣ የሰው ዓይን፣ እርጅና። ጠበል ትጠመቃለች፣ ኩል ትኳላለች። ይህንም ቢሆን በከንቱ የተባለ አድርገን መናቅ የለብንም። የቆሰለ ዓይን በጭስ ይብሳል፤ ዕድሜዋን በሙሉ ምድጃ ላይ ያጎነበሰች ሴት ጭሱን ብትከስ ከምታየው ተነሥታ ነው።

ማየት ያልቻለችው የሰንሰለቱን ሌላኛ ጫፍ ነው። ኩፍኝ ከሆነ ዛሬ የታመመ ልጅ ጋር የተጫወተው ሌላው በቀናት ውስጥ ይታመማል፤ እናት ሁለቱን አገናኝታ «ከዚያ ያዘው» ትላለች። በዓይን ማዝ ግን በሕፃኑ ፊት ላይ ባለው ፈሳሽና በአያቲቱ የታወረ ዓይን መካከል የአንድ ትውልድ ዕድሜ አለ። የሕፃኑ ዓይን ማዘል የልጅነት ነገር፣ ሲያድግ የሚተወው ነው ተብሎ ይታለፋል። የአያቲቱም መታወር የእርጅና ነገር ነው ተብሎ ይታለፋል። ሁለቱ አንድ በሽታ መሆናቸውን በዓይኑ አይቶ የሚያውቅ ማንም የለም።

አንዲት እናት የሕፃኗን ዓይን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። በዚያው ጫፍ የታላቁን ልጅ ፊት ታብሳለች፤ ቆየት ብሎ ጭስ ያስለቀሳትን የራሷን ዓይን። የእናትነት ፍቅር የሚታይበት ይህ ነገር በሽታው ከሚሻገርባቸው መንገዶች አንዱ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልጋት ትምህርት በቸልተኝነት የሚወቅሳት ሳይሆን፣ የሁለቱን ጫፎች ግንኙነት የሚያሳያት ነው።

የሌላውም ዓለም መንገድ ይኸው ነበር

ዓይን የሚወጋን ፀጉር መንቀል የእኛ እናቶች ብቻ ዘዴ አይደለም። ከ3,500 ዓመት ገደማ በፊት በግብፅ የተጻፈውና ዛሬ የኤበርስ ፓፒረስ እየተባለ የሚጠራው የሕክምና ጽሑፍ፣ ፀጉሩ ከተነቀለ በኋላ ተመልሶ እንዳይበቅል የሚቀቡ መድኃኒቶችን ይዘረዝራል። ከነዚህም መካከል ከርቤና የሌሊት ወፍ ደም ይገኙበታል። ትራኮማ የሚለው ስም ራሱ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ሻካራ ማለት ነው፤ የታመመው የዓይን ቆብ ውስጡ ሲገለበጥ እንደ አሸዋ ሻካራ ሆኖ ስለሚታይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1798 የናፖሊዮን ጦር ግብፅ ሲገባ ወታደሮቹ በዓይን በሽታ ክፉኛ ተጠቁ። በኋላ የዘመቱት እንግሊዞችም ከበሽታው አላመለጡም፤ ወታደሮቹ ወደየአገራቸው ሲመለሱ በሽታውን ይዘውት ሄዱ። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1805 የተከፈተውና ዛሬ ሙርፊልድስ የሚባለው ስመ ጥር የዓይን ሆስፒታል የተቋቋመው በዚህ ሰበብ ነው። በዚያን ጊዜ የተማሩት የአውሮፓ ሐኪሞች ስለ መነሻው ሲከራከሩ ብዙዎቹ ያመካኙት በምን ነበር? በበረሃው ፀሐይ፣ በአሸዋውና በሌሊቱ አየር። ከእኛ እናቶች መልስ ብዙም የራቀ አልነበረም።

ከመቶ ዓመት በኋላ ፍርሃቱ ወደ አሜሪካ ወደቦች ተሻገረ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1897 ትራኮማን አደገኛ ተላላፊ በሽታ ብላ መደበች። ኒውዮርክ አጠገብ ባለው በኤሊስ ደሴት የሚወርዱ ስደተኞች የዓይን ቆባቸው በጣት ወይም የጫማ ቁልፍ ለመሳብ በሚያገለግል መንጠቆ እየተገለበጠ ይታይ ነበር። በሽታው የተገኘበት ሰው የመጣበት መርከብ በራሱ ወጪ ይመልሰዋል። እናት አልፋ ልጅ የተመለሰበት ጊዜ ነበር። ይሁንና በሽታው በአሜሪካ ውስጥም፣ በተለይ በኬንታኪ ተራሮች በሚኖሩ ድሆች ዘንድ ነበር። እዚያ ሊንዳ ኔቪል የተባሉ ሴት እ.ኤ.አ. በ1910 ዓይነ ስውርነትን የሚከላከል ማኅበር አቋቁመው፣ ከተራራው የሚመጡ ሕመምተኞችን ወደ ሐኪም እያደረሱ ዕድሜያቸውን ሰጡ። ሥራው በበጎ ፈቃድ፣ በመዋጮና በብዙ ደብዳቤ የተሠራ ስለነበር ለእንደኛ ዓይነቱ ማኅበር እንግዳ አይደለም።

ባክቴሪያው በላቦራቶሪ ተለይቶ የወጣው ዘግይቶ ነው። ይህን ያደረጉት የቻይናው ሳይንቲስት ታንግ ፌይፋንና ባልደረቦቻቸው ሲሆኑ፣ ውጤታቸው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። በዚያን ጊዜ ግን የዓይን ማዝ ከምዕራብ አውሮፓ ለመጥፋት ተቃርቦ ነበር። ውሃ ወደ ቤት በመግባቱ፣ ሰው በአንድ ክፍል ተጨናንቆ ማደሩ በመቀነሱ፣ ልብስና ፊት መታጠቡ በመዘውተሩ በሽታው ኃይለኛ መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት መዳከም ጀምሯል። ኑሮ ሲሻሻል ይሸሻል ማለት ነው። በሽታው የቀረው ውሃ በራቀበትና መንገድ ባልገባበት ቦታ ነው።

ቁጥሩ ሲታወቅ

በኢትዮጵያ የችግሩን ስፋት በሚገባ ያሳየው በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነትና የትራኮማ ጥናት ነው። ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት 40.1 በመቶ የሚሆኑት የዓይን ማዝ ነበረባቸው። በአማራ ክልል ደግሞ 62.6 በመቶ ደርሶ ነበር፤ ከአምስት ሕፃናት ሦስቱ ማለት ነው። ከ15 ዓመት በላይ ከሆናቸው ሰዎች 3.1 በመቶ የሚሆኑት ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ዞሯል። ይህ ቁጥር በወንዶች 1.6 በመቶ ሲሆን በሴቶች 4.1 በመቶ ነበር። በአገር ደረጃ ሲሰላ 1.3 ሚሊዮን የሚያህሉ አዋቂዎች የመታወር አደጋ ተደቅኖባቸው ነበር።

የወረንጦዋ እናት የግል ሥቃይ አድርጋ የምትሸከመው ነገር የሚሊዮን ሰዎች ጉዳይ መሆኑ በዚህ ታወቀ። የዓለም ጤና ድርጅት ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1993፣ አራት ነገሮችን ያጣመረ ዘዴ ተቀብሎ ነበር። እነርሱም ሽፋሽፍቱ ለዞረበት ሰው ቀዶ ሕክምና፣ ለማኅበረሰቡ ሁሉ መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕና እና የአካባቢ መሻሻል፣ ማለትም ውሃና መጸዳጃ ቤት ናቸው። የመጀመሪያው አያቲቱን ያድናል፤ ሌሎቹ ሦስቱ ሕፃኑን አያቲቱ የደረሰችበት እንዳይደርስ ያደርጋሉ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይህ ነው።

መድኃኒቱ አዚትሮማይሲን ነው፤ በአምራቹ ፋይዘር በነፃ ይለገሳል። በአማራ ክልል ከኅዳር 2001 ዓ.ም. ጀምሮ የወባና የትራኮማ ሳምንት እየተባለ በዘመቻ ሲታደል ቆይቷል። መጠኑ የሚለካው ብዙ ጊዜ በቁመት ነው፤ ከስድስት ወር በታች ላሉ ሕፃናት በምትኩ የቴትራሳይክሊን ቅባት ይሰጣል። በጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር አሳይቷል። ለዓይን ተብሎ መድኃኒቱ በታደለባቸው ቀበሌዎች የሕፃናት ሞት ዘግይቶ ከታደለባቸው ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል።

ሴቶች የቆፈሩት መጸዳጃ ቤት

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ማኅበራችንን ይበልጥ የሚመለከተው የመጸዳጃ ቤቱ ነው። ከሰው ዓይን ፈሳሽ የምትቀስመው ዝንብ ዕንቁላሏን የምትጥለው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ አትራባም። በጋምቢያ መንደሮች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት መጸዳጃ ቤት በተሠራባቸው መንደሮች በሕፃናት ዓይን ላይ የሚያርፉት ዝንቦች በ30 በመቶ ያህል መቀነሳቸውን አሳይቷል።

በዚያው ዓመት ገደማ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1996 እና በ1997 ዓ.ም.፣ በአማራ ክልል በካርተር ማዕከል ድጋፍ መጸዳጃ ቤት የማስፋፋት ሥራ ተጀመረ። ሲሚንቶ ወይም ቆርቆሮ አልታደለም። ቤተሰቡ በራሱ ጉልበት ጉድጓድ ቆፍሮ፣ በእንጨትና በጭቃ ወለሉን እንዲሠራ ነበር የታሰበው። በመጀመሪያው ዓመት ይቆፈራል ተብሎ የታቀደው 10 ሺህ ያህል ነበር፤ የተቆፈረው ግን ከ80 ሺህ በላይ ሆነ።

ይህን ያህል ሰው ስለ ዝንብና ስለ ባክቴሪያ በአንድ ዓመት ውስጥ ተምሮ ነው? አይደለም። ሥራውን የገፉት ሴቶች ናቸው፤ የገፉበትም ምክንያት የራሳቸው ነበር። ሴት ልጅ በቀን ሜዳ ላይ መቀመጥ ነውር ስለሆነባት፣ ጎሕ ሳይቀድ ወጥታ ወይም እስኪመሽ ድረስ ችላ ትውላለች። ነፍሰ ጡሯ ትችላለች፣ ተቅማጥ የያዛት ትችላለች፤ ጨለማ ሲሆን ደግሞ ጅቡንና ክፉ ሰውን ትፈራለች። ይህን ችግር ማንም ጥናት ሊያስረዳት አያስፈልግም ነበር። መጸዳጃ ቤት ይቻላል፣ ያለ ብዙ ወጪም ይሠራል ሲባል ባሏንና ልጆቿን አስነሥታ አስቆፈረች። ዕውቀቱ ከፍላጎቷ ጋር ሲገናኝ ከዕቅዱ ስምንት እጥፍ ሠራ።

እኛ ከዚህ የምንማረው፣ ትምህርት ሲሰጥ ሴቲቱ ራሷ ከምትፈልገው ነገር መጀመር እንዳለበት ነው። «ዝንብ ለመከላከል ጉድጓድ ቆፍሪ» ከሚለው ይልቅ «ለክብርሽና ለልጅሽ» የሚለው ፈጥኖ ተሰምቷል።

ፊት ማጠብና ውሃ የመቅዳት ሸክም

የፊት ንጽሕናው ነገር ይከብዳል። በታንዛኒያ ኮንግዋ አካባቢ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ጥናት፣ ፊታቸው ዘወትር ንጹሕ ሆኖ የተገኘ ሕፃናት በከባድ የዓይን ማዝ የመያዝ ዕድላቸው አነስተኛ መሆኑን አሳይቷል። በዚያው አካባቢ ወላጆች የልጅ ፊት ማጠብ ብዙ ውሃ የሚጨርስ ይመስላቸው ነበር። በተግባር ሲታይ ግን በጥቂት ውሃ ብዙ ሕፃናትን ማጠብ እንደሚቻል ታወቀ። ውሃውን የምትቀዳውና ውሃው ለምን እንደሚውል የሚወስነው ሰው አንድ አለመሆናቸውም ሌላው እንቅፋት ነበር። ስለዚህ ትምህርቱ ለእናት ብቻ ቢሰጥ አይበቃም፤ አባትም ሊሰማው ይገባል።

ይህ ማለት ግን ውሃና ትምህርት ካለ በሽታው ወዲያው ይጠፋል ማለት አይደለም። በዋግ ኽምራ፣ ውሃ እጅግ በሚያጥርበት አካባቢ፣ ለሦስት ዓመት የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ትልቅ ጥናት ይህን አሳይቶናል። የውሃ ነጥብ፣ የመታጠቢያ ጣቢያ፣ ሳሙናና የንጽሕና ትምህርት የቀረበላቸው ቀበሌዎች ካልቀረበላቸው ጋር ሲነጻጸሩ በሕፃናቱ ዓይን የተገኘው ባክቴሪያ ልዩነት አልነበረውም። ይህን ውጤት ለደጋፊዎቻችን ሳንደብቅ የምንነግረው ሆን ብለን ነው። ለትውልዶች የተከማቸ በሽታ በሦስት ዓመት ፕሮጀክት አይነቀልም። በሌሎች አገሮችም ኑሮ እስኪሻሻል ድረስ አሥርት ዓመታት ወስዷል።

እኛ ይበልጥ የሚያሳስበን ሌላ ነገር አለ። ሁለት ሰዓት ሄዳ አንድ ጀሪካን የምትቀዳ እናት ውሃዋን ለመጠጥ፣ ለወጥ፣ ለጥጃና ለሊጥ ታከፋፍላለች። እንዲህ ያለችውን ሴት «የልጅሽን ፊት በቀን ሁለቴ እጠቢ» ብሎ ሄዶ፣ ሳታጥብ ብትቀር «ግንዛቤ የላትም» ብሎ መመዝገብ ፍትሕ አይደለም። ዕውቀት ውሃ ሳይኖር ሲሰጥ ወቀሳ ይሆናል። ወቀሳ ደግሞ ሰውን ያስደብቃል፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ?

ወረንጦ በጥናት ስትመዘን

ለረጅም ጊዜ ሐኪሞች ወረንጦን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው ያዩት ነበር። በምዕራብ ጎጃም 1,300 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ግን ይህን አመለካከት ለወጠው። ተሳታፊዎቹ ከስድስት ያነሱ ሽፋሽፍት የዞሩባቸው፣ በሽታው ገና ያልጸናባቸው ሰዎች ነበሩ። ግማሾቹ ቀዶ ሕክምና አደረጉ። ለግማሾቹ ደግሞ በደንብ የተሠራ ወረንጦ ተሰጣቸው፤ ዓይኑ የሚያይ አንድ የቤተሰብ ሰውም ከሥሩ አድርጎ እንዴት እንደሚነቅል ተማረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲታዩ ፀጉሩ ተመልሶ የበቀለባቸው በወረንጦ የተረዱት ይበዙ ነበር። በማየት ችሎታና በዓይናቸው የፊት ሽፋን ላይ በደረሰው ጉዳት ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም።

እንግዲህ የእናቶቻችን ዘዴ ለቀላሉ ደረጃ ዋጋ ያለው ሆኖ ተገኘ፤ የጎደለው የመሣሪያው ጥራትና ጥቂት ሥልጠና ነበር። በቤት የተሠራው ወረንጦ ጫፉ ስለማይገጥም ፀጉሩን ይሰብረዋል፤ ጉቶውም ዓይን ይወጋል። ይህን ስንል ወረንጦ ቀዶ ሕክምናን ይተካል ማለታችን አይደለም። ብዙ ፀጉር የዞረባት ሴት፣ ወይም ዓይኗ ነጭ መሆን የጀመረ ሴት መቆየት የለባትም። ቀዶ ሕክምናው የሚሠራው በዓይን ቆቡ ላይ ብቻ ነው፤ ቦታው በመርፌ ደንዝዞ፣ በሠለጠነ የጤና ባለሙያ፣ በጤና ጣቢያ ደረጃ፣ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጠናቀቃል። ሥራው የጠፋውን ብርሃን አይመልስም፤ የቀረውን ግን ይጠብቃል። ፀጉሩ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ሊዞር ስለሚችል ደግሞ መታየት ያስፈልጋል።

ሴቶች ሕክምናው በነፃ እያለ ለምን ይቀራሉ? የሚሰጡት ምክንያት በየቦታው ተመሳሳይ ነው። ቤቱን የሚይዝላቸው የለም። አብሯቸው የሚሄድ፣ ዓይናቸው ታሽጎ እጃቸውን ይዞ የሚመልሳቸው የለም። ቢላዋው ያስፈራቸዋል። «ዕድሜዬ ሄዷል፣ ለእኔ ምን ያደርግልኛል» ይላሉ። ከነዚህ ውስጥ በመድኃኒት የሚፈታ አንድም የለም። የሚፈታው በጎረቤት፣ በዕድር፣ በማኅበር ነው።

ለማኅበራችን

ኦማን እ.ኤ.አ. በ2012፣ ሞሮኮ በ2016፣ ጋና በ2018 የዓይን ማዝ የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑ እንዳበቃ በዓለም ጤና ድርጅት ተረጋግጦላቸዋል። ዓለም ሊያጠፋው የቀጠረው 2020 አልፎ አሁን ቀነ ገደቡ 2030 ሆኗል። ከቀረው ሸክም ትልቁን ድርሻ የተሸከመችው አገራችን ናት። በሰሜኑ ጦርነትና ከዚያ በኋላ በቀጠለው ግጭት የመድኃኒት እደላውና ቀዶ ሕክምናው በብዙ ወረዳዎች ተስተጓጉሏል። ሥራው የቆመበት እያንዳንዱ ዓመት ዛሬ ሕፃን በሆኑት ላይ የሚታየው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ስለሆነ ማንም ቶሎ አያስተውለውም።

ከዚህ ታሪክ ተነሥተን እኛ ሦስት ነገር እንላለን። መጀመሪያ፣ በየቡናው ስለ ዓይን ማዝ ስንነጋገር አያትና ሕፃን አንድ ላይ ይቀመጡ። አያቲቱ ፀጉሩ እንዴት እንደሚወጋ ትናገር፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በሕፃኑ ፊት ላይ ያለውን ታሳይ። የሠላሳ ዓመቱ መንገድ በአንድ ስኒ ቡና ጊዜ የሚታየው ሁለቱ ጫፎች ጎን ለጎን ሲሆኑ ነው። ሁለተኛ፣ ወረንጦ የያዘችን ሴት ባየን ቁጥር ፀጉሩ ስንት እንደሆነ እንጠይቃት፣ ለምርመራም እንውሰዳት። ቀጠሮዋ ሲደርስ ከአባላት አንዷ አብራት ትሂድ፤ ሌላዋ ቤቷን ትያዝላት፤ እንጀራዋን ትጋግርላት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል የምንለው ለዚህ ዓይነቱ ቀን ነው።

ሦስተኛው ለደጋፊዎቻችን ነው። ፖስተርና ስብሰባ ብቻ እንድንደግስ አትርዱን። ውሃው በሚቀርብበት፣ ምንጩ በሚጎለብትበት፣ ጥሩ ወረንጦ በሚገዛበት፣ ለታካሚና ለአጃቢዋ የመኪና በሚከፈልበት ላይ አብራችሁን ሁኑ። የምትረዱትም ውጤት በአንድና በሁለት ዓመት ሪፖርት ላይ ሙሉ በሙሉ ላይታይ እንደሚችል አስቀድማችሁ ዕወቁልን። ዛሬ ፊታቸው የሚታጠበው ልጆች አርባ ዓመት ሲሞላቸው ወረንጦን ለእሾህ ብቻ የሚይዙ ከሆነ፣ ሥራው ያኔ ተሠርቷል ማለት ነው።